«ያልታወቀ» ወይስ «ያልተጠየቀ»? በዕደ ጥበብ ስብስቦቻችን ውስጥ ስለጠፋው የሠሪው ስም

መግቢያ

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ከሚያስፈልገው የተግባር ልምምድ የተወሰነውን ጊዜ ያሳለፍኩት በአንድ ሙዚየም ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ በእጅ የተጻፉትን የቅርስ መመዝገቢያ ካርዶች አንድ በአንድ እያነበብኩ፣ ካርዱ የሚገልጸውን ዕቃ ከመደርደሪያው እያወረድኩ፣ እየለካሁና ፎቶግራፍ እያነሣሁ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ነበር። መሶቡ፣ ሙዳዩ፣ አገልግሉ፣ ጀበናው፣ የብር መስቀሉ፣ ባለ ጥበቡ ቀሚስ ሁሉም የየራሳቸው ካርድ አላቸው። ካርዱ የዕቃውን ስም፣ የተሠራበትን ነገር፣ ቁመትና ስፋቱን፣ የተገኘበትን አካባቢ፣ የለጋሹን ወይም የሻጩን ስም፣ ወደ ሙዚየሙ የገባበትን ቀን ይጠይቃል። ከእነዚህ መካከል «ሠሪ» የሚል አንድ መስመር አለ። በዚያ መስመር ላይ ከካርድ ወደ ካርድ የሚደጋገመው ቃል አንድ ነው፦ «ያልታወቀ»።

መጀመሪያ ላይ ቃሉን እንደ ማንኛውም መረጃ ሳላቅማማ ገለበጥኩት። እንዳቆም ያደረገኝ አንድ አጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ሙዚየሙን ሊጎበኙ የመጡ አንዲት እናት በመስታወት ውስጥ ከተቀመጠች ትንሽ ሙዳይ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ልርዳዎት?» ስላቸው፣ ዓይናቸውን ከሙዳዩዋ ሳያነሡ «ይቺን የሰፋቻት ግራኝ ናት» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ እያዞሩ የስፌቱን አካሄድ አሳዩኝ። «እዪው ልጄ፤ የኛ ስፌት ወዲህ ነው የሚዞረው። የሷ ወዲያ ዞሯል። ወስፌዋን በግራዋ ይዛ ነው።»

በማግስቱ ግምጃ ቤት ገብቼ ከሙዳዩዋ ጋር ተከታታይ ቁጥር የተሰጣቸውን ስፌቶች አወረድኩ። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ አንድ ሰፌድና አንድ ትንሽ ሌማት፣ እንደ ሙዳዩዋ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የዞሩ ነበሩ። የሦስቱም ካርዶች በአንድ ቀን የተሞሉ ናቸው፤ በሦስቱም ላይ «ሠሪ፦ ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ለዓመታት የተመዘገበውና የተቆጠረው የእነዚህ ዕቃዎች መረጃ፣ ሦስቱም በአንዲት ግራኝ ሴት እጅ የተሠሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ አንድም ፍንጭ አልሰጠም። ፍንጩን የሰጡት፣ ለመግቢያ ትኬት ከፍለው የገቡ አንዲት ጎብኚ ናቸው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ከዚህ አጋጣሚ የተነሣ ነው። በሙዚየሞቻችን ውስጥ የዕደ ጥበብ ሥራዎችን የሚይዝ ኪውሬተር ዋና ተግባር ዕቃን ከብልና ከነቀዝ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ከሠራው ሰው ዕውቀት እንዳይለይ መጠበቅ ነው፤ የዚህም የመጀመሪያ እርምጃ «ያልታወቀ» የሚለውን ቃል መመርመር ነው እላለሁ።

ኪውሬተሩና የሚይዘው ዕቃ

«ኪውሬተር» ለሚለው ቃል በአማርኛ የተስማማንበት አቻ የለንም። አንዳንዱ «የቅርስ ጠባቂ»፣ ሌላው «የስብስብ ኃላፊ»፣ ሌላው ደግሞ በደፈናው «የሙዚየም ባለሙያ» ይላል። ይሁን እንጂ ቃሉ አዲስ ቢሆንም ተግባሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ፣ መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ መጎናጸፊያውንና ጽዋውን በቁጥር ተረክቦ በቁጥር የሚያስረክብ ቄሰ ገበዝ አለ። በሐረር የጥንት ቤቶችም እመቤቲቱ ከነደባው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ የትኛው ስፌት ከየትኛው ጎን እንደሚሰቀል፣ የትኛው ለየትኛው በዓል እንደሚወርድ ታውቃለች። የሁለቱም ሥራ ዕቃን ከነትርጉሙ መያዝ ነው። ኪውሬተር የእነዚህ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የዕደ ጥበብ ወይም የጌጥ ጥበብ ስብስብ የምንለው፣ ጥቅምና ውበት ተነጣጥለው የማይገኙባቸውን ሥራዎች ነው። መሶብ እንጀራ ይይዛል፤ የአለላው ቀለም አሰካክ ግን ለእንጀራው ምንም አይጨምርለትም። ጥለት የሸማውን ጠርዝ ያጠናክራል ቢባል እንኳ ለዚያ ያን ያህል ቀለምና ቅርጽ አያስፈልገውም። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ሠሪው ከሚፈለገው በላይ የደከመበት ቦታ አለ፤ ጥበቡ ያለውም እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ የዚህ ተጨማሪ ድካም ባለቤት ማን ነው ብሎ መጠየቅ የኪውሬተሩ ግዴታ ይመስለኛል።

ሥዕልን በተመለከተ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አንቸገርም። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕል ያለ ስሙ የሚሰቅል ሙዚየም አይገኝም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ባለ ቀለም መስታወት የጎበኘ ሁሉ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ መሆኑ ይነገረዋል፤ ባለ ቀለም መስታወት ደግሞ በሌላው ዓለም አመዳደብ ራሱ ከጌጥ ጥበባት አንዱ ነው። ልዩነቱ በዕቃው ዓይነት ላይ ብቻ ያለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ልዩነቱ ሠሪውን በምናይበት ዓይን ላይ ነው።

ስሙ የት ጠፋ?

በእኔ ግምት የሠሪው ስም የጠፋባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የለጋሽ ባህላችን ነው። በንዋያተ ቅድሳት ላይ የሚገኙትን ጽሑፎች ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመስቀሉ ወይም በዘውዱ ላይ ስሙ የሚቀረጸው በአብዛኛው ዕቃውን ያሠራውና ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው ሰው ነው። ይህ ለነፍሱ መታሰቢያ እንዲሆንለት የሚደረግ ነውና በራሱ ነቀፋ የለበትም። ሙዚየሞቻችን ግን ልማዱን ከነሃይማኖታዊ ምክንያቱ ሳይሆን ቅርጹን ብቻ ወረሱት። ዛሬም በብዙ መግለጫ ጽሑፎች ላይ «ከእገሌ የተበረከተ» የሚለውን በደማቅ ፊደል እናነባለን፤ እገሌ መሶቡን ገዝቶ ይሆናል እንጂ አልሰፋውም።

ሁለተኛው የበለጠ ያማል። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በንቀት ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነን። የእጃቸውን ሥራ በየቤታችን አስቀምጠን፣ እነርሱን ግን «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አርቀናል። ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማወቅ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር እንዳስፈለጋቸው ማስታወስ ይበቃል። በአዋጅ የሚከለከለው በገሃድ የሚፈጸም ነገር ነው። ስሙ ለስድብ ብቻ የሚነሣ ሰው፣ ለመዝገብ ሲሆን ስሙን የሚጠይቀው ባይገኝ አያስደንቅም። በጎንደር አካባቢ በወለቃ የነበሩትን የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ነገር ለአብነት ማንሣት ይቻላል። አብዛኞቹ የማኅበረሰቡ አባላት እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታትና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የሸክላ ሥራዎቻቸው ግን ዛሬም በአገር ውስጥም በውጭም በብዙ ሰው እጅ ይገኛሉ። ሠሪዎቹ በአጠገባችን ሳሉ ስማቸውን ያልጠየቅን፣ አሁን ከባሕር ማዶ ልንጠይቃቸው ግድ ሆኗል።

ሦስተኛው የትምህርታችን ውርስ ነው። የዕደ ጥበብ ሥራ ወደ ሙዚየም የገባው በሥነ ጥበብ በር ሳይሆን በኢትኖግራፊ በር ነው። በዚህ በር የሚገባ ዕቃ የሚወክለው አንድን ሰው ሳይሆን አንድን ሕዝብ ነው፤ «የእንትን ብሔረሰብ የምግብ ማቅረቢያ» ይባላል። አንዱ መሶብ ለመሶቦች ሁሉ ተጠሪ ስለሚሆን ሰፊዋ ማን እንደሆነች ማወቅ አስፈላጊ አይመስልም። ይህን ስል የኢትኖግራፊን ጥናት ለመንቀፍ አይደለም። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ ከመደርደር ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ ሕይወት ቅደም ተከተል ማሳየቱ፣ በዚህ ዘርፍ ምን ያህል አስተዋይ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ይመሰክራል። እኔ የምለው፣ ዕቃው ስለ ማኅበረሰቡ እየተናገረ ስለ ሠሪውም እንዳይናገር የሚከለክለው ምንም ነገር የለም ነው።

ስም ሲገኝ ምን ይለወጣል?

ስም መገኘቱ ምን ይፈይዳል ለሚል አንባቢ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ለንደን የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1852 የተመሠረተው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በዓለም ካሉት የጌጥ ጥበባት ሙዚየሞች ሁሉ ስመ ጥር ነው። በዚህ ሙዚየም፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል የወርቅ ዘውድ፣ የወርቅ ጽዋና የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደሆነ የሚነገር ቀሚስ ይገኛሉ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘ አንድ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ እንደነበርም ይታወቃል፤ ስሙ ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል። ከሙያችን ታሪክ ጋር ለምንታረቅ ሁሉ ይህ ሊዘነጋ አይገባውም፤ ኪውሬተር ቅርስን ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ወሳጅም ሆኖ ያውቃል።

ከእነዚህ ቅርሶች መካከል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ዘመን የተሠራው የወርቅ ጽዋ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። የሠሪው ስም ይታወቃል፤ ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። ይህን ስም ከሰማሁ በኋላ ጽዋው ለእኔ ሌላ ነገር ሆነ። ቀድሞ «የጎንደር ዘመን የወርቅ ሥራ» ነበረ፤ አሁን ግን መዶሻና መቅረጫ ይዞ፣ ከእሳት ፊት ተቀምጦ፣ ወርቁ እንዳይባክን እየተጨነቀ የሠራ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ጥያቄዬም ተለወጠ። ወልደ ጊዮርጊስ ሙያውን ከማን ተማረ? ሌላስ ምን ሠራ? በየገዳሙ ዕቃ ቤት ካሉት ሥራዎች መካከል የእርሱ እጅ ያረፈባቸው ይኖሩ ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የጥናት ርዕሶች ናቸው። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ግን ጥያቄ አይወልድም፤ የተነሣውንም ይዘጋል።

የቅርሶቹ መመለስ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሰፊ ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የባዕድ ሙዚየም የወልደ ጊዮርጊስን ስም በመዝገቡ ይዞ ሳለ፣ እኛ ትናንት ከገበያ የገዛነውን መሶብ «ሠሪ፦ ያልታወቀ» ብለን የምንመዘግብ ከሆነ፣ «የእኛ ነው» የምንለው ቃል ጉልበቱ ይቀንሳል።

የሠሪው ዕውቀት ለጥበቃም ያስፈልጋል

ሠሪውን መፈለግ የክብር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። በግምጃ ቤት ውስጥ ያየሁት ግን ጉዳዩ የዕለት ተዕለት የጥበቃ ሥራችንንም እንደሚነካ ነው።

ስፌትን እንውሰድ። ብርሃን ቀለምን ይገድላል፤ ስለዚህም በሙዚየም አሠራር ለጨርቃ ጨርቅና ቀለም ለተነከሩ ዕፀዋት የሚፈቀደው የብርሃን መጠን በአብዛኛው ከ50 ሉክስ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ቀለሞች ሁሉ እኩል አይደክሙም። አለላው ከዕፅዋት በተገኘ ቀለም ተነክሮ እንደሆነ፣ ወይም ከገበያ በተገዛ የፋብሪካ ቀለም ተነክሮ እንደሆነ ማወቅ የማሳያ ጊዜውን ለመወሰን ይረዳል። ይህን በቤተ ሙከራ መመርመር ይቻላል፤ ቤተ ሙከራው በሌለበት ግን ነካሪዋን ጠይቆ በአንድ ከሰዓት መረዳት ይቻል ነበር። ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ ከየትኛው መስክ ተነቀለ? አክርማው እንዴት ደረቀ? ስፌቱ ሲላላ በምን ይጠገናል? እነዚህን ለማወቅ ከሰፊዎች የተሻለ መጽሐፍ የለንም።

የብር ሥራም እንዲሁ ነው። በአገራችን የተሠሩ ብዙ የአንገት መስቀሎችና የሴቶች ጌጦች የተሠሩት ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። የማርያ ትሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከአንድ ሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። በላዩ የተቀረጸው ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. 1780 ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በዚያው ቀን ሲመታ ስለኖረ፣ በጌጥ ላይ የተንጠለጠለ ጠገራ ብር የጌጡን ዕድሜ አይናገርም። ኪውሬተር ይህን ባያውቅ የመቶ ዓመት ጌጥ የሁለት መቶ ዓመት ነው ብሎ ይጽፋል። ብር ሲጠቁር በኃይል ወልውሎ ማንጻትም ከላዩ የተቀባውን ስስ የወርቅ ሽፋን ይልጣል፣ የመቅረጫውን ጫፍ አሻራ ይደመስሳል። ያ አሻራ ደግሞ የአንጥረኛው ፊርማ ነው። ፊርማ የማይፈልግ ኪውሬተር፣ ፊርማውን በገዛ ጨርቁ ያጠፋዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ከሐረር የምንማረው አለ። በሐረሪ ሴቶች ዘንድ ልጃገረዶች ተሰባስበው ስፌት የሚማሩበት «ሞይ ጋር» የሚባል ልማድ ነበረ። እዚያ የምትማረው ልጅ የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን የቅርጾቹን ስም፣ የእያንዳንዱን ስፌት ቦታና ወግ ትቀስም ነበር። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ግንቡ፣ በሮቹና ቤቶቹ በሕግ ይጠበቃሉ። በቤቶቹ ግድግዳ ላይ ያለው ስፌት ስም ግን የሚኖረው ስሙን በምታውቀው ሴት አንደበት ውስጥ ነው። እርሷ ስታልፍ ስፌቱ ይቀራል፣ ስሙ ይሄዳል። በሙዚየም መግለጫ ላይም «ክዳን ያለው ቅርጫት» ተብሎ ይጻፍለታል።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

ይህን አስተያየት ለመምህራንና ለጓደኞቼ ባቀረብኩ ጊዜ ሦስት ተቃውሞዎች ገጥመውኛል፤ ሦስቱም ሚዛን የሚደፉ ናቸው።

አንደኛው፣ የዕደ ጥበብ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንድ ባለ ጥበብ ቀሚስ ከማለቁ በፊት ጥጥ የዳመጠች፣ በእንዝርት የፈተለች፣ ድሩን ያደራ፣ የሸመነ፣ የሰፋ ሰው ሁሉ እጁ አለበት። የአንዱን ስም ብቻ ብንጽፍ ሌሎቹን እንበድላለን። መልሴ ግን ስም አንጻፍ ሳይሆን ስሞች እንጻፍ የሚል ነው። ካርዳችን «ሠሪ» ብሎ በነጠላ መጠየቁ ራሱ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ «ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ሰፊ» ብሎ ቢጠይቅ ዕቃው የተሠራበትን መንገድ ጭምር በዘገበልን ነበር።

ሁለተኛው፣ ስምን መሸሸግ በባህላችን ትሕትና ነው የሚል ነው። ሥዕለ አድኅኖ የሚሥል ካህን ስሙን ቢተው ሥራው ለእግዚአብሔር ክብር ስለሆነ ነው። ይህንንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ሰው ስሙን በፈቃዱ ሲተው ትሕትና ይባላል፤ ሌላው ሰው ስሙን ሳይጠይቀው ሲቀር ግን ትሕትና ሊባል አይችልም። ሠሪዋ ተጠይቃ «ስሜ አይጻፍ» ካለች፣ ይህም ራሱ መረጃ ነውና በካርዱ ላይ ይስፈር።

ሦስተኛው የበጀትና የሰው ኃይል ጉዳይ ነው። ግምጃ ቤቱ በሚያፈስበት፣ መደርደሪያው በጠበበበት፣ አንድ ባለሙያ የብዙ ሰው ሥራ በሚሠራበት አገር፣ የሠሪ ስም ፍለጋ ቅንጦት ነው ይላሉ። ይህን ተቃውሞ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ፤ በዚያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁና ችግሩን አውቀዋለሁ። ሆኖም ዕቃ ሲገዛ ወይም ሲለገስ ሻጩን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ገንዘብ የሚያስወጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ መልሱን ፍለጋ መሄድ ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ለመለወጥ ይጠቅማሉ የምላቸውን አራት ነጥቦች በአጭሩ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ከካርዶቻችንና ከመግለጫዎቻችን ይውጣ፤ በምትኩ «ስሟ አልተመዘገበም» ወይም «ስሙ አልተጠየቀም» የሚለው ይግባ። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። «ያልታወቀ» ሲባል ጉድለቱ የሠሪዋ ይመስላል፤ ማንም የማያውቃት ሰው ትሆናለች። እርሷ ግን በመንደሯ ትታወቅ ነበር፤ በእጇ ሥራ ትመሰገን፣ ለሠርግ ስፌት ትለመን ነበር። ያላወቅናት እኛ ነን። መግለጫው ጉድለቱን ወደ ባለቤቱ ይመልስ።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ወደ ስብስብ የሚገባ ማንኛውም የዕደ ጥበብ ሥራ ሠሪው ተጠይቆ ካልሆነ አይመዝገብ፤ መጠየቁ ካልተቻለም ያልተቻለበት ምክንያት ይጻፍ። የተዘረፉ ቅርሶችን ለመከታተል በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ኦብጀክት አይዲ የተባለው የመመዝገቢያ ሥርዓት እንኳ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የዕቃው ሠሪ ማን እንደሆነ ነው። በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መመዝገብ በሕግ የተደነገገ ተግባር ሆኗል፤ የምዝገባው ጥራት ግን በእኛ በባለሙያዎች እጅ ነው።

ሦስተኛ፣ በግምጃ ቤት ያሉትን ሥራዎች ለሠሪዎች እንክፈት። በዓመት ጥቂት ቀን ሰፊዎች፣ ሸማኔዎች፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ተጋብዘው ዕቃዎቹን በእጃቸው ይዘው ይመርምሩ፤ የሚሉት በራሳቸው ቋንቋ ይቀረጽ፤ ለቀናቸውም እንደ ማንኛውም አማካሪ ይከፈላቸው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በፕራግ ባጸደቀው የሙዚየም ትርጉም ውስጥ የማኅበረሰብ ተሳትፎ መግባቱ ይታወሳል። ተሳትፎ ማለት ሰዎችን ለምረቃ ቀን ጠርቶ ማስጨብጨብ ካልሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ማለት ነው።

አራተኛ፣ እኛ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መስክ ስንወጣ በየጽሑፋችን መጨረሻ «መረጃ ሰጪ 1፣ መረጃ ሰጪ 2» እያልን የምንጽፈውን እንመርምር። የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ስም መደበቅ የሚገባበት ጊዜ አለ። አንዲት ሴት ስለ ሙያዋ በኩራት የነገረችንን ግን ያለ ስሟ ስናሳትም፣ በሙዚየሙ ካርድ ላይ የምንነቅፈውን ስሕተት በገዛ እጃችን እንደግማለን።

ማጠቃለያ

ይህን ጽሑፍ ሌሎችን በመውቀስ ልዘጋው አልችልም። ሙዳዩዋን አይተው «ግራኝ ናት» ያሉኝ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ከወጡ በኋላ፣ የተናገሩትን እንዳይረሳኝ ብዬ ወዲያው በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ሌሎች ስፌቶች ካገኘሁ በኋላ፣ ተመልሰው መጥተው እንዲያዩልኝ ልጠራቸው ፈለግሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። የጻፍኩት «አንዲት ጎብኚ እናት እንደገለጹት» ይላል። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ከየት እንደመጡም አልጻፍኩም። በካርዱ ላይ የነቀፍኩትን ቃል፣ በሌላ አነጋገር፣ እኔው ጽፌው ነበር።

የሦስቱ ስፌቶች መረጃ አሁን ተስተካክሏል። «ሠሪ» በሚለው መስመር ላይ «ስሟ አልተመዘገበም፤ ከስፌቱ አዟዟር እንደሚታየው ግራኝ ሳትሆን አትቀርም፤ ሦስቱም የአንድ እጅ ሥራ ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚል ገብቷል። መረጃውን የሰጡት ማን ናቸው ለሚለው ግን የምሞላው የለኝም። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ «ያልታወቁ» ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም። ምናልባት አንድ ቀን ተመልሰው ይመጡ ይሆናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ሙዳዩዋ አይሆንም።